ቀይዋ ቁጥር ለምን ዋሸች? የአንድ ስህተት የስምንት ዓመት ታሪክ

ከ2014 በፊት ፌስቡክ ይጠቀሙ የነበሩ ሰዎች አንድ የሚያበሳጭ ነገር ይገጥማቸው ነበር። ገጹን ሲከፍቱ የመልእክት ምልክቱ ላይ ቀይ ቁጥር ትታያለች፦ «1»። ያልተነበበ መልእክት አለ ማለት ነው። ተጭነው ሲገቡ ግን አዲስ ነገር የለም፤ ያለው አንብበው የጨረሱት የድሮ ወሬ ነው። ቁጥሯ ትጠፋለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ብቅ ትላለች። እንደገና ይጫኗታል፣ እንደገና ባዶ።

የኩባንያው መሐንዲሶች ዝም ብለው አልተቀመጡም። ስህተቱን ፈልገው ያስተካክሉታል፣ ለጥቂት ጊዜ ሰላም ይሆናል፣ ከዚያ ተመልሶ ይመጣል። አሁንም ያስተካክሉታል፣ አሁንም ይመለሳል። በዓለም ትልልቅ ከሚባሉት የሶፍትዌር ኩባንያዎች አንዱ፣ አንዲት ቁጥር በትክክል ማሳየት አቃተው።

«እና ምን ይጠበስ? አንድ ቁጥር ነው» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ቁጥሯ ሁለት ሦስቴ ከዋሸች በኋላ ማንም አያምናትም። እውነተኛ መልእክት ሲመጣም «ያቺው ናት» ብሎ ይተዋታል። ይኸው ስህተት የመልእክት ብዛት ላይ ሳይሆን የባንክ ሒሳብ ቀሪ ላይ፣ ወይም የሆስፒታል የመድኃኒት መጠን ላይ ቢመጣስ? ስክሪን ላይ የምናየውን ነገር ማመን የምንችለው ከበስተጀርባው ያለው እውነት እና የተሳለው ምስል አንድ ሲሆኑ ብቻ ነው።

ይህ ጽሑፍ ሁለቱን አንድ ለማድረግ የተደረገውን ትግል ይተርካል። በጃቫስክሪፕት ዓለም «ስቴት ማኔጅመንት» የሚባሉት ላይብረሪዎች ለምን ተወለዱ? ለምንስ ማስተካከያቸው አያልቅም? ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስቴት ምንድን ነው?

አንድ አፕ ሲከፈት ፕሮግራሙ የሚያስታውሳቸው ነገሮች አሉ። ሰውየው ገብቷል ወይስ አልገባም? ስንት መልእክት አልተነበበም? ቅርጫቱ ውስጥ ምን ዕቃ አለ? የትኛው ገጽ ነው የተከፈተው? በዚህች ቅጽበት እውነት የሆኑት የእነዚህ ነገሮች ድምር «ስቴት» ይባላል። በአማርኛ «ሁኔታ» ልንለው እንችላለን፤ ኮድ የሚጽፉ ልጆች እርስ በርስ ሲያወሩ ግን ስቴት ስለሚሉት እኔም በዚያው እቀጥላለሁ።

ጃቫስክሪፕት ሲፈጠር ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረም። ብሬንደን አይክ በ1995 በኔትስኬፕ ኩባንያ ውስጥ ቋንቋውን በ10 ቀን ሲሠራው ዓላማው ትንሽ ነበር፦ ድረ ገጾች ላይ ቀላል ቀላል ሥራዎችን ማሠራት። እውነቱን የሚይዘው ሩቅ ያለው ሰርቨር ነበር። አንድ ነገር በተጫናችሁ ቁጥር ሙሉው ገጽ እንደ አዲስ ከሰርቨሩ ይመጣል። ቀርፋፋ ነበር፤ ነገር ግን አይዋሽም፤ ሁሌም ትኩስ ነው።

በ2004 እንደ ጂሜይል ያሉ አገልግሎቶች መጡ። ገጹ ሳይታደስ ደብዳቤ ይከፈታል፣ ይሰረዛል፣ ይላካል። ድረ ገጹ ገጽ መሆኑ ቀርቶ ሙሉ ፕሮግራም ሆነ። በዚህ ጊዜ ብሮውዘሩ ራሱ ስቴት መያዝ ግድ ሆነበት። ችግሩም እዚህ ላይ ጀመረ።

ሦስት ደብተር ያለው ሱቅ

ነገሩን በሰፈር ሱቅ እንየው። ባለሱቁ ዱቤ ይሰጣል። ባንኮኒው ላይ አንድ የዱቤ ደብተር አለ። ረዳቱ ጓዳ ውስጥ የራሱን ደብተር ይዟል። ባለቤቱ ደግሞ የሰፈሩን ጠቅላላ ዕዳ ግድግዳው ላይ በለጠፈችው ወረቀት ትመዘግባለች።

አንዲት እናት መጥተው 300 ብር ይከፍላሉ። ባለሱቁ ከራሱ ደብተር ይሰርዛል። ለረዳቱም መንገር አለበት፤ ለባለቤቱም መንገር አለበት። ብዙውን ጊዜ ይነግራል። ገበያ ሲበዛበት ግን ይረሳል። በሳምንቱ ረዳቱ ለእኚሁ እናት «300 ብር አለብዎት» ይላቸዋል። ጠብ ይነሳል።

እዚህ ላይ ማን ነው ያጠፋው? «ባለሱቁ ረስቶ ነው» ካልን መፍትሔያችን «ሁለተኛ እንዳትረሳ» ማለት ይሆናል። ይህ መፍትሔ እስከሚቀጥለው ገበያ ቀን ድረስ ይሠራል። ጥፋቱ ግን መርሳቱ አይደለም። ጥፋቱ አንድ እውነት ሦስት ቦታ መጻፉ ነው።

የፌስቡክ ቀይ ቁጥርም እንደዚሁ ነበረች። አንድ መልእክት ሲመጣ ሦስት ቦታ መታወቅ አለበት፦ ከታች የምትከፈተው ትንሿ የጫት መስኮት፣ ሙሉው የመልእክቶች ገጽ፣ እና ከላይ ያለችው ቁጥር። ኮዱ እንዲህ ይላል፦ መልእክት ሲመጣ መስኮቷ ላይ ጨምር፣ ገጹ ላይም ጨምር፣ ቁጥሯን በአንድ ከፍ አድርግ። ሰውየው መስኮቷን ከፍቶ እያያት ከሆነ ደግሞ ቁጥሯን በአንድ ቀንስ። አዲስ ነገር በተጨመረ ቁጥር ሌላ «ከሆነ» ይጨመራል። ከእነዚህ «ከሆነ»ዎች አንዱ ከተዘለለ ቁጥሯ ትዋሻለች። መሐንዲሶቹ የተዘለለውን ያገኙና ይደፍናሉ፤ በሚቀጥለው ወር ሌላ ይዘለላል።

2014፦ መግቢያው አንድ በር ብቻ

በ2014 ፌስቡክ ለፕሮግራመሮች ባዘጋጀው ኤፍ ኤይት ጉባኤ ላይ ጂንግ ቼን የተባለች መሐንዲስ ከባልደረቦቿ ጋር ቀርባ ይህንኑ የቁጥሯን ታሪክ ተናገረች። አብራም «ፍላክስ» የተባለ የአሠራር ንድፍ አስተዋወቀች። ፍላክስ ስህተቱ የሚታይበትን ቦታ አይደፍንም፤ ስህተቱ የሚወለድበትን መንገድ ይዘጋል።

ሕጎቹን በሱቃችን ቋንቋ እንያቸው።

አንደኛ፣ ለአንድ ዓይነት መረጃ አንድ ደብተር ብቻ ይኖራል። ይህ ደብተር «ስቶር» ይባላል።

ሁለተኛ፣ ማንም ሰው በቀጥታ ደብተሩ ላይ አይጽፍም። የሆነውን ነገር የሚገልጽ ብጣሽ ወረቀት ያስገባል፦ «እገሊት 300 ብር ከፈሉ»። ይህ ወረቀት «አክሽን» ይባላል።

ሦስተኛ፣ ወረቀቶቹ ሁሉ በአንድ በር፣ አንድ በአንድ ይገባሉ። አንዱ ተመዝግቦ ሳያልቅ ሌላው አይገባም።

አራተኛ፣ ስክሪኑ የሚሳለው ከደብተሩ ነው። ደብተሩ ሲለወጥ ስክሪኑ ይሳላል፤ ስክሪኑ በራሱ የሚያስታውሰው ነገር የለም።

ቀይዋ ቁጥርስ? ለብቻዋ መቀመጧ ቀረ። ማንም «አንድ ጨምር፣ አንድ ቀንስ» አይላትም። ስትፈለግ ያልተነበቡት ንግግሮች ከደብተሩ ይቆጠራሉ፤ በቃ። ከሌላ ነገር ሊሰላ የሚችልን ነገር ለብቻው ካላስቀመጣችሁት ከምንጩ ጋር ሊጣላ አይችልም። ከዚህ ሁሉ ታሪክ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ እሱን ያዙ።

ይህ ንድፍ ሊሠራ የቻለው ከአንድ ዓመት በፊት፣ በ2013፣ ፌስቡክ «ሪአክት» የተባለውን ላይብረሪ ለሁሉም በነፃ ስለለቀቀው ነው። በኩባንያው መሐንዲስ በጆርዳን ዎክ የተጀመረው ሪአክት «ስቴቱ ይህ ከሆነ ስክሪኑ ይህን ይምሰል» ብላችሁ ትነግሩታላችሁ፤ የተለወጠውን ክፍል ለይቶ የሚስለው እሱ ነው። ስክሪኑ የሚሠራው እንደ ቤተሰብ ዛፍ ከተደራረቡ ቁራጮች ነው፤ ከላይ ያለው «ወላጅ»፣ በውስጡ ያለው «ልጅ» ይባላል። ይህን የወላጅ እና የልጅ ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ ጣጣ ያመጣል።

2015፦ የማይፋቅ መዝገብ

ፍላክስ ንድፍ ስለነበረ ሁሉም በየፊናው የራሱን ላይብረሪ ይሠራ ጀመር። በ2015 ዳን አብራሞቭ የተባለ ወጣት ፕሮግራመር በፓሪስ በሚካሄደው የሪአክት ጉባኤ ላይ ሊያሳይ ያሰበው ነገር ነበረው፦ ፕሮግራሙ እየሠራ ኮዱን መለወጥ፣ እንዲሁም በጊዜ ወደ ኋላ መመለስ። በፍላክስ ይህ አስቸጋሪ ነበር፤ ምክንያቱም መረጃው እና መረጃውን የሚለውጠው ኮድ እዚያው ስቶር ውስጥ ተቆላልፈው ይቀመጡ ነበር። ኮዱን በአዲስ ስትተካ መረጃውም አብሮ ይጠፋል።

መፍትሔው ሁለቱን መለያየት ሆነ። ስቴቱ ሁሉ አንድ ቦታ ይቀመጣል። የሚለውጠው ኮድ ደግሞ ተራ የሒሳብ ፈንክሽን ይሆናል፦ የድሮውን ስቴት እና አክሽኑን ይቀበላል፣ አዲስ ስቴት ይመልሳል። የድሮውን አይነካም። ላጲስ የለም፤ ከታች አዲስ መስመር ይጻፋል እንጂ የቀድሞው አይፋቅም። ይህን ፈንክሽን «ሪዱሰር» ይሉታል። ሐሳቡ ኢቫን ቻፕሊኪ በ2012 ይፋ ካደረገው ኤልም ከተባለ ቋንቋም ብዙ ወስዷል። አብራሞቭ ከአንድሪው ክላርክ ጋር የሠራው ላይብረሪ ከሪዱሰር እና ከፍላክስ ተጣምሮ «ሪደክስ» ተባለ። የመጀመሪያው ቋሚ እትም፣ 1.0፣ በነሐሴ 2015 ወጣ።

ለጥገና ሰዎች ይህ ትልቅ ስጦታ ነበር። በጣም አስቸጋሪው ስህተት ሊደገም የማይችለው ነው። ተጠቃሚው «ቁጥሯ ዋሸችኝ» ይላል፤ እናንተ ስትሞክሩት ግን በትክክል ይሠራል። በሪደክስ ግን የገቡት አክሽኖች በተራ ሊመዘገቡ ይችላሉ። ከመጀመሪያው ጀምራችሁ ደግማችሁ ብታስገቧቸው እዚያው ስቴት ላይ ትደርሳላችሁ። ገጽ እየገለጣችሁ «እዚህ ድረስ ደህና ነበር፤ እዚህች መስመር ላይ ተበላሸ» ማለት ትችላላችሁ።

ሕግ መኖሩ ግን ሰው ሁሉ ያከብረዋል ማለት አይደለም። ለምሳሌ ሪዱሰሩ ስሌት ላይ እያለ ወደ ስቶሩ ዞር ብሎ ማንበብ የለበትም፤ የሚያስፈልገው ሁሉ ቀድሞ ተሰጥቶታል። አንዳንድ ሰው ግን ያነብ ነበር። በ2018 የወጣው ሪደክስ 4.0 ይህን ሲያይ ስህተት ብሎ ያቆማል። ምክር የነበረው ነገር አጥር ሆነ።

ሞቶ ያልተነገረው ልጅ

እስካሁን የደብተሩን ጉዳይ ፈታን። ቀጣዩ ጥያቄ ደብተሩ ሲለወጥ ለማን ቀድሞ ይነገር የሚለው ነው። ቀላል ይመስላል፤ ዓመታት የፈጀው ግን ይኼ ነው።

ሪደክስ ከሪአክት የተለየ ነገር ነው። ሁለቱን የሚያገናኘው «ሪአክት ሪደክስ» የተባለ ሌላ ላይብረሪ አለ። በመጀመሪያዎቹ እትሞች እያንዳንዱ የስክሪን ቁራጭ ስቶሩ ዘንድ ሄዶ «ለውጥ ሲኖር ጥራኝ» ብሎ ይመዘገባል። ስቶሩም በተመዘገቡበት ቅደም ተከተል ይጠራል። ሪአክት ቁራጮችን ገጹ ላይ ሲያቆም «ቆመሃል» የሚለውን መልእክት ቀድሞ ለልጁ ይሰጣል፤ ቀጥሎ ለወላጁ። ስለዚህ ልጁ ከወላጁ ቀድሞ ይመዘገባል፣ ቀድሞም ይጠራል።

አሁን ይህን አስቡ። የዕቃ ዝርዝር አለ። ወላጁ ዝርዝሩን ይይዛል፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ልጅ አለ። ሰባተኛውን ልጅ ወላጁ «አንተ ዕቃ ቁጥር 7ን አሳይ» ብሎታል። ተጠቃሚው ዕቃ 7ን ሰረዘው። ስቶሩ ውስጥ 7 የለም። ስቶሩ ተራ ጥሪውን ይጀምራል። ልጁ ቀድሞ ይጠራና እንደ ታዘዘው ይጠይቃል፦ «የዕቃ 7 ስም ማን ነው?» የሌለ ነገር ስም የለውም። ፕሮግራሙ ተሰናክሎ ይቆማል።

ወላጁ ቀድሞ ቢጠራ ኖሮ «7 የለም፤ ስለዚህ ሰባተኛው ልጅም አያስፈልግም» ብሎ ያስወግደው ነበር፤ ጥያቄውም አይጠየቅም ነበር። ልጁ መሞቱን ያልሰማ ሙት ነው። ፕሮግራመሮች «ዞምቢ ልጅ» ብለው የጠሩት ለዚህ ነው።

አምስተኛው ዋና እትም መላ አመጣ። ከእንግዲህ ሁሉም ስቶሩ ዘንድ አይሰለፍም። ስቶሩ ለላይኛው ወላጅ ይነግራል፤ ወላጁ የራሱን ሥራ ከጨረሰ በኋላ ለልጆቹ ያስተላልፋል። ከላይ ወደ ታች፣ እንደ ቤተሰብ ወግ። ዞምቢው ተቀበረ።

ወደ ፊት ሁለት እርምጃ፣ ወደ ኋላ አንድ

በ2016 አብራሞቭ ላይብረሪውን ለማርክ ኤሪክሰን እና ለቲም ዶር አስረክቦ ነበር። በዚህ መካከል ከሥር ያለው መሬት ተንቀሳቀሰ። በ2018 ሪአክት ከላይ ያለ ቁራጭ ከታች ላሉት ሁሉ መረጃ በቀጥታ የሚያደርስበትን አዲስ መንገድ አወጣ፤ የድሮው መንገድም ወደፊት እንደሚቀር ታወቀ። ስለዚህ በታኅሣሥ 2018 የወጣው ሪአክት ሪደክስ 6.0 በአዲሱ መንገድ እንደገና ተጻፈ። ከላይ አንድ ብቻ ይመዘገባል፤ ስቴቱ ራሱ በሪአክት በኩል ወደ ታች ይፈሳል። ሪአክት ሁሌ ከወላጅ ወደ ልጅ ስለሚስል ዞምቢም የለም። ወረቀት ላይ ሲታይ ከሁሉም ንጹሑ መፍትሔ ይኼ ነበር።

ወረቀት ላይ። ሲሠራ ግን በአንዳንድ ፕሮግራሞች ላይ ከቀድሞው ቀርፋፋ ሆነ። በአምስተኛው እትም እያንዳንዱ ቁራጭ ሪአክትን ሳይቀሰቅስ «የኔ መረጃ ተለውጧል?» ብሎ ማየት ይችል ነበር፤ ካልተለወጠ ዝም ይላል። በስድስተኛው ግን ትንሽዋ ለውጥ ሁሉ በሪአክት በኩል ማለፍ ነበረባት። ልክ ነው፤ ግን ይዘገያል። ተጠቃሚው ሲጽፍ ፊደሉ ከዘገየበት ንድፉ ማማሩ አይታየውም።

አዘጋጆቹ በእልህ አልቀጠሉበትም። ከወራት በኋላ፣ በሚያዝያ 2019፣ 7.0 ወደ ቀድሞው አመዘጋገብ ተመለሰ፤ ከስድስተኛው የተማሩትንም ይዞ። ለእኔ ከዚህ ታሪክ ውስጥ በጣም የሚያስከብረው ይህ ነው። መጀመሪያ ለኩ፣ ከዚያ የራሳቸውን ሥራ ሻሩ።

በዚያው ዓመት ሰኔ 7.1 ወጣ። ሪአክት «ሁክ» የሚባል አጭር አጻጻፍ አምጥቶ ስለነበር ላይብረሪውም ከስቶሩ መረጃ የሚመርጥ ሁክ ጨመረ። ሰዉ ወደደው፤ ኮዱ በጣም አጠረ። ነገር ግን ሁክ «ወላጄ ማን ነው? ልጆቼ ከእኔ በኋላ ይጠሩ» ማለት የሚችልበት መንገድ የለውም። ቅደም ተከተሉን የሚያስከብረው ሰንሰለት ጠፋ። የተቀበረው ዞምቢ ተነሳ።

አሁን መፍትሔው ሌላ ዓይነት ሆነ። ቅደም ተከተሉን ማስከበር ካልተቻለ፣ አለመደንገጥ ይቻላል። ስቶሩ ጠርቶት ልጁ ሲጠይቅ ስህተት ከመጣ፣ ላይብረሪው ስህተቱን ለጊዜው ዋጥ ያደርገውና ሪአክትን «ይህን ቁራጭ እንደገና ሳለው» ይለዋል። ሪአክት ሲስል ከወላጁ ይጀምራል። ወላጁ ልጁን ካስወገደው ነገሩ በዚያው አለቀ፤ ማንም አልሰማም። ልጁ አሁንም ካለና አሁንም ስህተቱ ከመጣ ግን እውነተኛ ስህተት ነው፤ ያኔ ይፋ ይወጣል። አዘጋጆቹ ይህንን ደብቀው አላለፉትም፤ በመመሪያቸው ውስጥ ለዞምቢው ራሱን የቻለ ክፍል ሰጥተው መቼ ሊመጣ እንደሚችልና እንዴት መጻፍ እንደሚሻል አስረዱ።

2022፦ በመካከሉ የተቀደደ ስክሪን

ከዚያ መሬቱ እንደገና ተንቀሳቀሰ። የሪአክት ቡድን አንድ የቆየ ችግር መፍታት ይፈልግ ነበር፦ ከባድ ስክሪን እየተሳለ እያለ ተጠቃሚው ቢጽፍ ፕሮግራሙ ይደርቃል። ሐሳባቸው ሥዕሉን መቆራረጥ ነበር። ትንሽ ይስላል፣ ቆም ብሎ የተጠቃሚውን ፊደል ይቀበላል፣ ከዚያ ካቆመበት ይቀጥላል።

ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ወደ ሱቁ እንመለስ። አንድ ሰው የዱቤ ደብተሩን እያየ ሪፖርት ይጽፋል። ግማሽ ድረስ ጽፎ ቡና ሊጠጣ ይወጣል። እሱ በሌለበት አንድ ሰው መጥቶ ዕዳ ይከፍላል፤ ደብተሩ ይለወጣል። ጸሐፊው ይመለስና ከግማሽ ይቀጥላል። ሪፖርቱ የላይኛው ግማሽ የድሮውን፣ የታችኛው ግማሽ አዲሱን ይናገራል። በየትኛውም ሰዓት እውነት ሆኖ የማያውቅ ሪፖርት ይወጣል። ፕሮግራመሮች ይህን «መቀደድ» ይሉታል።

አስተዋላችሁ? ቀይዋ ቁጥር ናት፤ መልኳን ቀይራ መጣች። አሁን ሦስት ደብተር የለም፤ ደብተሩ አንድ ነው። ነገር ግን አንዱን ደብተር በሁለት የተለያየ ሰዓት ካነበብነው ሁለት ደብተር እንዳለን ይቆጠራል።

ሪአክት የራሱን ስቴት ይቆጣጠራል፤ ሪደክስን የመሰሉ ከውጭ ያሉ ስቶሮችን ግን አያዝዛቸውም። ስለዚህ በመጋቢት 2022 የወጣው ሪአክት 18 ለላይብረሪ ጸሐፊዎች አንድ ይፋዊ ውል አቀረበ። የውጭ ስቶር ሲለወጥ ሪአክት ያንን ሥዕል አይቆራርጠውም፤ በአንድ ትንፋሽ ይጨርሰዋል። በሌላ ምክንያት የተጀመረ ሥዕል ተቆራርጦ ከነበረ ደግሞ፣ ስክሪኑ ላይ ከማውጣቱ በፊት «ያነበብኩት ነገር አሁንም ያው ነው?» ብሎ ያረጋግጣል። ካልሆነ ጥሎት እንደገና ይስላል። ዋጋ ያስከፍላል፤ ለእነዚህ ለውጦች የመቆራረጡ ጥቅም ይቀራል። የተመረጠው ግን ከፍጥነት ይልቅ እውነት ነው።

ሪአክት ሪደክስ 8.0 በሚያዝያ 2022 ይህን ውል ይዞ ወጣ። አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ፦ 7.1 ላይ ያየነው «ስህተቱን ዋጥ አድርገህ እንደገና ሳል» የሚለው ዘዴ ዛሬ ሪአክት ራሱ ውስጥ አለ። በአንድ ላይብረሪ ጥግ የተገኘ ብልሃት የመሠረቱ አካል ሆነ። ቁጥሯ በይፋ ከተወራላት ከ2014 ስንቆጥር ስምንት ዓመት።

ሦስቱ ቁጥሮች

7.1.0፣ 8.0.0 እያልን የመጣንባቸው ቁጥሮች ዝም ብለው የተደረደሩ አይደሉም። ከጊትሃብ መሥራቾች አንዱ የሆነው ቶም ፕሬስተን ዌርነር የጻፈው ሕግ አለ። የመጨረሻው ቁጥር ከተለወጠ «ስህተት አስተካክያለሁ፤ ሌላ ነገር አልነካሁም» ማለት ነው። የመካከለኛው ከሆነ «አዲስ ነገር ጨምሬያለሁ፤ የድሮው ግን ይሠራል»። የመጀመሪያው ከሆነ «ተጠንቀቁ፤ የድሮው ኮዳችሁ ላይሠራ ይችላል»። አንድ የማያውቃችሁ ሰው የሚገባላችሁ ቃል ነው።

ቃል መጠበቅ ከባድ መሆኑ በ2022 ታየ። የሪደክስ አዘጋጆች ከ2019 ጀምሮ «ሪደክስ ቱልኪት» የተባለ ቀለል ያለ አጻጻፍ ሲያቀርቡ ቆይተዋል፤ በስህተት የድሮውን ስቴት የሚነካ ኮድም በዚያ አይጎዳም። ሰው ግን በድሮው መንገድ መማሩን አልተወም። ስለዚህ በ4.2.0 የድሮውን ስቶር መፍጠሪያ «ያረጀ» ብለው ምልክት አደረጉበት። ኮዱ እንደ ወትሮው ይሠራል፤ በኮድ መጻፊያው ላይ ግን ስሙ ተሰርዞ ይታያል። አንዲት መስመር ብቻ ናት፤ ያም ሆኖ ቅር የተሰኙ ነበሩ። ምልክቱን ለማይፈልግም ያው ነገር በሌላ ስም ተቀምጦለታል።

ጥገና ሲቆምስ ምን ይሆናል? ፌስቡክ በ2020 «ሪኮይል» የተባለ የስቴት ላይብረሪ አውጥቶ ነበር፤ ብዙ ሰው ወዶት ነበር። እያደር ጥገናው ቆመ፤ በ2025 መግቢያ ላይም የኮዱ ማከማቻ ለለውጥ ተዘጋ። ኮዱ አልተነካም፤ አንድ ፊደል አልጠፋም። ነገር ግን የሪአክት 19ን ውስጣዊ ክፍሎች ቀድሞ በሚያውቃቸው ስም ሲፈልጋቸው አላገኛቸውም፤ መሥራት አቃተው። ኮድ እንደ እንጨት አይበሰብስም። ቆሞ የቀረ ኮድ የሚበላሸው በዙሪያው ያለው ሁሉ ስለሚሄድ ነው።

ከዚህ በኋላ የአንድ ላይብረሪ የለውጥ ዝርዝር ስታዩ «ስህተት ተስተካከለ» የምትለዋን አጭር መስመር አትዝለሏት። ሁለት ነገር ጠይቁ። እውነቱ አሁን የሚኖረው ስንት ቦታ ነው? ለውጥ ሲመጣስ ማን ቀድሞ ይሰማል? ማስተካከያው ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ካልሰጠ፣ ስህተቱ የሄደው ለጥቂት ጊዜ ነው። ቀይዋን ቁጥር አስታውሱ፤ እሷም ተስተካክላ ነበር፣ ያውም ብዙ ጊዜ።